የፒክአፕን ፊት ከፍ አድርጎ ትልቅ ጐማ ስለ መግጠም

በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፉትን ፒክአፕ መኪናዎች አንድ አፍታ ቢመለከቱ ሁለት ዓይነት አቋም ያያሉ። አንደኛው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ያለው ነው፤ ኋላው ጥቂት ከፍ፣ ፊቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ለመሮጥ ያጎነበሰ ሰው ይመስላል። ሁለተኛው ግን ፊቱ ከኋላው ጋራ እኩል ሆኖ ቀና ብሏል፤ ጐማውም ወፍሮና ረዝሞ ከፓራፋንጎው ሥር ያለውን ባዶ ስፍራ ሞልቶታል። ይህን ሁለተኛውን አቋም የሚወዱ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። መኪናው ግርማ ያገኛል፤ ወደ ገጠር ሲወጣም ድንጋይ አይነካውም ይላሉ። ስለዚህ የግል ፒክአፕ ያለው ሰው ከጋራዥ ጋራ ይነጋገራል፤ የመሥሪያ ቤት መኪናዎች የሚያስተዳድር ሹምም «ለመስክ መኪናዎቻችን ይህ ይደረግላቸው» የሚል ማመልከቻ ከጠረጴዛው ላይ ያገኛል።

የዛሬው ንግግራችን ይህ ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ ከተሠራ በኋላም በመኪናው ላይ ምን ምን እንደሚለወጥ ለማስረዳት የታሰበ ነው። ሥራው በራሱ ክፉ ነው አንልም፤ በስፍራው ሲሆን የሚጠቅም ነው። ነገር ግን ጉዳዩ በአንድ የብረት ቀለበትና በጐማዎቹ ዋጋ ብቻ የሚያልቅ አለመሆኑን፣ ከፍሬንና ከመብራት አልፎ የነዳጅ መዝገብን እንኳ የሚያናጋ መሆኑን፣ ገንዘብ የሚከፍለውም ሆነ ወረቀት የሚፈርመው ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ንግግሩ በሬዲዮ ሲሰማ ቁጥሮቹን በጆሮ ብቻ ይዞ ማስላት ያስቸግራልና፣ እነሆ በዚህ ዓምድ በጽሑፍ ቀርበዋል።

በመጀመሪያ የፒክአፕ አፍንጫ ስለ ምን ዝቅ እንዳለ እንመልከት። ፒክአፕ ከአመሠራረቱ የጭነት መኪና ነው። ጭነቱ የሚያርፈውም በአብዛኛው በኋላው አክስል ላይ ነው። ፋብሪካው መኪናውን ሲሠራ የተጫነበትን ሰዓት እያሰበ ስለ ሆነ፣ የኋላውን ባሌስትራ ጠንካራና ጎበጥ ያለ ያደርገዋል። በዚህም ምክንያት መኪናው ባዶ ሲሆን ኋላው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፤ 500 ወይም 800 ኪሎ ግራም እህል ወይም ሲሚንቶ ሲጫንበት ግን ባሌስትራው ይረግብና የመኪናው ወገብ ይስተካከላል። እንግዲህ በባዶ መኪና ላይ ጉድለት መስሎ የሚታየው ይህ ልዩነት በእውነቱ ለጭነት የተቀመጠ ተቀማጭ ነው። ባዶውን መኪና እኩል አድርገን ያስተካከልን እንደ ሆነ፣ በተጫነ ጊዜ ኋላው ይወርድና አፍንጫው ወደ ሰማይ ያቀናል። ስለዚህ መኪናው ከዓመት እስከ ዓመት ጭነት የማይለየው ከሆነ፣ ይህ ሥራ ከጥንቱም አይስማማውም።

ቀጥሎ የፊቱ እግር እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የምንወስደው በአገራችን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም፣ በመንገድ ሥራም፣ በርዳታ ድርጅቶችም ዘንድ እጅግ የታወቀውን የቶዮታ ሂሉክስን መኪና ነው። ይህ መኪና በጃፓን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የፊቱ እግር አሠራር ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ትውልድና ከዚያም በኋላ በወጡት ላይ እያንዳንዱ የፊት ጐማ በሁለት ክንዶች ይያዛል። መካኒኮች ብራቾ የሚሏቸው እነዚህ ክንዶች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ በውስጥ በኩል ከሻንሲው ጋራ እንደ በር ማጠፊያ ይታሰራሉ፤ በውጭ በኩል ደግሞ ቴስቲና በሚባለው ተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ከጐማው ጋራ ይያያዛሉ። በታችኛው ክንድና በሻንሲው መካከል ሞላ ቆሟል፤ በሞላውም መካከል ንዝረቱን የሚያበርደው አሞርዛተር ገብቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። የሞላው እግር የሚያርፈው በታችኛው ክንድ ጫፍ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። አንድን በር ከማጠፊያው አጠገብ ይዘው አንድ ጣት ያህል ቢገፉት፣ የበሩ ጫፍ ከዚያ በጣም የበለጠ ርቀት እንደሚሄድ ያውቃሉ። በመኪናውም እግር እንዲሁ ነው። በሞላው አናት ላይ የሚጨመር 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት መኪናውን 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አያደርገውም፤ እንደ መኪናው አሠራር ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሊያነሣው ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲፈልግ የ5 ሳንቲ ሜትር ቀለበት ያዝዛል፤ ከዚያም መኪናው ከሚገባው በላይ ተንጠራርቶ ቴስቲናው ከልኩ ሲያልፍ ይደነግጣል። ስለዚህ ዕቃ ሲገዙ የሚጠየቀው «ቀለበቱ ስንት ይወፍራል?» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «መኪናውን ስንት ያነሣዋል?» ተብሎ ነው።

ፊቱን ከፍ የማድረጊያ መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በቀደሙት መኪናዎች ላይ የሚሠራ ነው። ከ2004 በፊት በወጡት በብዙዎቹ ባለ አራት ጐማ ኃይል ሂሉክሶች ላይ በሞላ ፈንታ በሻንሲው ርዝመት የተዘረጋ፣ በመጠምዘዝ የሚሠራ የብረት ዘንግ አለ። በዘንጉ ጫፍ ያለውን ቡሎን ሲያጠብቁት የመኪናው ፊት ይነሣል። ይህ ገንዘብ የማያስወጣ በመሆኑ ብዙ ሰዎች ያለ ልክ ያጠብቁታል። ነገር ግን ጐማው ወደ ላይ እንደሚነሣ ሁሉ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ የሚወርድበትም ስፍራ የተለካ ነው። ቡሎኑ ያለ ልክ ሲጠብቅ ይህ የመውረጃ ስፍራ ያልቅና፣ መኪናው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ብረት ከብረት ጋራ እየተጋጨ ይንጓጓል።

ሁለተኛው መካኒኮች ስፔሰር የሚሉትን ወፍራም ቀለበት ከሞላው አናትና ከሻንሲው መካከል ማስገባት ነው። ዋጋው ቀላል፣ ሥራውም አጭር ነው፤ የመኪናውም ልስላሴ ብዙ አይለወጥም። ነገር ግን ሞላውና አሞርዛተሩ ሁለቱም ወደ ታች ስለ ተገፉ፣ ጐማው በጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ፋብሪካው ካሰበው በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ቴስቲናው ከልኩ በላይ ይታጠፋል፤ ኃይል ወደ ፊት ጐማዎች የሚያደርሱት አጫጭር ዘንጎችም በስለት ይቆማሉ። የዘንጎቹ የላስቲክ ሽፋን ፈጥኖ ይቀደዳል፤ ግራሶው ሲወጣና አቧራ ሲገባ መገጣጠሚያው ያረጃል።

ሦስተኛው ለተፈለገው ከፍታ ተብሎ የተሠራ አዲስ ሞላና አዲስ አሞርዛተር መግጠም ነው። ከሦስቱ ዋጋው የከበደ ይህ ነው፤ የተሻለውም ይህ ነው። ምክንያቱም የሞላው ጥንካሬና የአሞርዛተሩ ርዝመት አብረው ስለሚታሰቡ ጐማው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድበት ስፍራ ሚዛኑን ይጠብቃል። ቢሆንም ዘንጎቹ ስለት መያዛቸው በዚህም አይቀርምና፣ በማናቸውም መንገድ ቢሆን ከፍታውን ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ለማድረግ አለመጓጓት ይበጃል።

አሁን ወደ ጐማው እንምጣ። በብዙ ሂሉክሶች ጐማ ጐን ላይ 265/65 አር 17 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የጐማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጐማው ጐን ቁመት ከስፋቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ያመለክታል። የመጨረሻው የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው፤ አንዱ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ የ265 ስልሳ አምስት በመቶ 172 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ሲቆጠር 344፤ የቸርኬው 432 ሲጨመርበት የጐማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፈንታ ብዙ ሰዎች የሚመኙት 285/70 አር 17 በዚሁ ስሌት 831 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ ከመቶ 7 እጅ ማለት ነው።

ነገር ግን ከ55ቱ ሚሊ ሜትር ከአክስሉ በታች የሚቆጠረው ግማሹ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ድንጋይ የሚመታው የኋላው ዲፈረንሻል ከመሬት የሚርቀው 27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ሁለት ጣት አይሞላም። የፊቱ ቀለበት ለኋላው አክስል አንዳች ሚሊ ሜትር አይጨምርለትም። የቀለበቱ ጥቅም ትልቁ ጐማ በመታጠፊያ ላይ ከፓራፋንጎው እንዳይጋጭ ስፍራ መክፈቱ፣ የመኪናውም አፍንጫ ዳገት ሲጀምር ከመሬት መራቁ ነው። ድንጋይ አይነካውም የሚለውን ተስፋ በዚህ መጠን መያዝ ይገባል።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ለመሥሪያ ቤት ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አሁን የሚከተለው ነው። የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገዱን አያየውም፤ የሚቆጥረው የጐማውን ዙር ነው። የቀድሞው ጐማ አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ትልቁ ጐማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ቆጣሪው ግን ይህን ለውጥ አልሰማምና በቀድሞው ሒሳብ መቁጠሩን ይቀጥላል። ስለዚህ መኪናው በእውነት 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆጣሪው የሚያሳየው 934 ነው።

ይህ በመዝገብ ላይ ምን እንደሚያመጣ እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና በ1 ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተመድቦለት ነበር እንበል። ነጂው 100 ሊትር ቀድቶ በእውነት 1,000 ኪሎ ሜትር ነድቷል። የሥምሪት ክፍሉ ግን ቆጣሪውን አይቶ 934 ኪሎ ሜትር ይመዘግባል፤ ለዚያም የሚገባው ነዳጅ 93 ሊትር ከግማሽ ያህል ነው ይላል። የቀረው 6 ሊትር ተኩል የት ገባ? በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ቢሆን በመዝገቡ ላይ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠፋል፤ በዚህም ሒሳብ ማንም ያልሰረቀው 200 ሊትር ያህል ነዳጅ ተሰርቆ ይታያል። በዚህ ላይ ትልቁ ጐማ ክብደቱም ትልቅ ስለ ሆነ በከተማ ውስጥ ሲነሣና ሲቆም በእውነትም ነዳጅ ይጨምራል። እንግዲህ ሐሰተኛው ጉድለትና እውነተኛው ጭማሪ ተደባልቀው በአንድ ነጂ ስም ላይ ይጻፋሉ። ነጂውም በሐቅ ሠርቶ ሳለ የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም፤ ማስረጃ የሚሆነው ቆጣሪ ራሱ በሐሰት የሚመሰክርበት ነውና። የጐማውን ለውጥ ፈቅዶ የፈረመ ሹም ይህን አስቀድሞ በመዝገቡ ላይ ካላስጻፈ፣ ሳያውቀው የሌላውን ሰው ስም ለሐሜት አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ቆጣሪውን ለአዲሱ ጐማ ማስተካከል የሚችል ባለሙያ ከተገኘ ማስተካከል ነው። ካልተገኘም በመኪናው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጐማው የተለወጠበትን ቀን፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ልክ ጽፎ፣ ከዚያ ወዲህ የሚነበበው ኪሎ ሜትር ሁሉ በ1.07 እየተባዛ እንዲመዘገብ ማዘዝ ነው። ትክክለኛነቱን ለመመርመርም በእጅ ስልክ ላይ ባለው የሳተላይት መለኪያ አንድ ረዥም ጉዞ ለክቶ ከቆጣሪው ጋራ ማስተያየት ይቻላል። የሞተር ዘይት መቀየሪያም እንዲሁ ነው፤ ቆጣሪው 10,000 ሲል መኪናው 10,700 ሄዷል።

የፍጥነት መለኪያውም በዚሁ መጠን ያሳስታል፤ የቀድሞው ጐማ 100 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት ዙር ትልቁ ጐማ 107 ይሄዳል። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 መሠረት የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት ስለማይፈቀድለት፣ ፋብሪካዎች ጥቂት ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ያደርጉታል። በዚህ ምክንያት የስሕተቱ ከፊል ሊሸፈን ይችላል። ቢሆንም ነጂው የተማመነበት ያ ትንሽ ጥንቃቄ ተበልቶ አልቋል።

ከዚህ የሚብሰው የፍሬንና የማርሽ ነገር ነው። ፍሬኑ ጐማውን የሚይዘው ከመካከሉ ነው፤ መንገዱ ግን የሚገፋው ከዳሩ ነው። ዳሩ ከመካከሉ በራቀ ቁጥር የመንገዱ ጉልበት ይረዝማል፤ ስለዚህ በ7 በመቶ የረዘመ ጐማ ያንኑ ያህል ለመቆም በ7 በመቶ የበለጠ የፍሬን ጉልበት ይፈልጋል። ሞተሩም በዳገት ላይ በዚሁ መጠን ይደክማል፤ በቁልቁለትም በከባድ ማርሽ መኪናውን የመግታት ኃይሉ በዚሁ መጠን ይቀንሳል። 7 በመቶ በሜዳ ላይ አይታወቅም። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ ነጂ፣ ፍሬኑ ሲግልና ፔዳሉ ሲለሰልስ ያቺ 7 በመቶ ምን ያህል እንደ ሆነች ያውቃታል። ስለዚህ ትልቅ ጐማ የገጠመ ሰው የፍሬን ሸራውንና ዲስኩን ጤንነት አስመርምሮ፣ በቁልቁለትም ከቀድሞው አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መንዳት ይገባዋል።

የመብራቱም ነገር ቸል የሚባል አይደለም። የባለ ሁለት ጋቢናው ሂሉክስ የፊትና የኋላ ጐማዎች ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱ ብቻ በ50 ሚሊ ሜትር ሲነሣ የመብራቱ ጨረር በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ያቀናል፤ በ25 ሜትር ርቀት ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። አጭሩ መብራት በአብዛኛው የሚስተካከለው በዚያው ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ነበር። እንግዲህ ዝቅ ማለቱ ቀርቶ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነጂ ዓይን ያጠፋዋል፤ መንገዱ ዳር የሚሄደውም እግረኛ በዚያ ቅጽበት ሳይታይ ይቀራል። ይህን ለማስተካከል ግን ከመብራቱ ጀርባ ያለውን መጠምዘዣ ማዞር ብቻ ይበቃል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

ለሥራው ቁርጥ ሐሳብ ያደረገ ሰው የሚከተሉትን ነገሮች በተራ ይፈጽም። ጐማው ከመገዛቱ በፊት ያንኑ ልክ ያለው ጐማ ተውሶ መሪውን በግራም በቀኝም እስከ ጫፍ እያዞረ ፓራፋንጎውንና የላይኛውን ክንድ የማይነካ መሆኑን ይመልከት፤ ፊቱ ከተነሣ በኋላ የጐማዎቹን አሰላለፍ አላይመንት በሚሠራበት ጋራዥ ያስተካክል፤ ይህን ያላደረገ ሰው አዲሱን ጐማ በጥቂት ወራት ውስጥ በአንድ ጐኑ ብቻ በልቶት ያገኘዋል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን እንደ ገና ያስጠብቅ፤ ትርፍ ጐማውም ከሌሎቹ ጋራ እኩል ይሁን። በአራቱም ጐማ ኃይል በሚሄድ መኪና ላይ አንዱ ጐማ ከሌሎቹ ቢያንስ ማርሾቹ ውስጥ ለውስጥ ይታገላሉ። ደግሞም ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ከሚያደርገው ክፍል ለውጡ የሚፈቀድ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

መጠነኛ ለውጥ ለሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድም አለ። 265/70 አር 17 የተባለው ጐማ ቁመቱ 803 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቀድሞው የሚበልጠው በ3 ከመቶ ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን፣ በብዙ ሂሉክሶች ላይ ፊቱን ሳያነሡ ይገባል። ከመሬት የሚያርቀው 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጐኑ ስለሚረዝም ግን የኮረኮንችን መንገድ ያለሰልሳል። በአስፋልት ላይ ለሚውልና አልፎ አልፎ ብቻ ወደ ወረዳ ለሚወጣ መኪና ይህ ይበቃዋል፤ ወይም የቀድሞው ጐማ ራሱ ይበቃዋል።

አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። ጭቃና ድንጋይ የዕለት መንገዱ ለሆነ፣ ጭነቱም ቀላል ለሆነ መኪና ፊቱን በልክ ማንሣት ችግርን የሚያቃልል ሥራ ነው። ለግርማ ብቻ ተብሎ ሲደረግ ግን ከፍሬን፣ ከመብራትና ከመዝገብ የተወሰደ ብድር ነው፤ ብድሩንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ያዘዘው ሰው ሳይሆን መሪውን የያዘው ነጂ ነው። ስለዚህ ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ያ ማመልከቻ ከጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ፣ ከመፈረምዎ በፊት «መኪናው ምን ይጭናል? የት ይሄዳል? ቆጣሪውስ እንዴት ይስተካከላል?» ብለው ሦስቱን ይጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ሲመጣልዎ ፊርማዎን በሰላም ያኑሩ።